በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የጋራ የቤት ኢንተርኔት ሲስተጓጎል፦ ብልሽቱን ከቅርብ ወደ ሩቅ የመፈለግ ዝርዝር መመሪያ

አንድን የኢንተርኔት መስመር ሁለትና ከዚያ በላይ ኮምፒውተሮች በሚጋሩበት ቤት፣ በተለይም ከመካከላቸው ዕድሜያቸው የገፋ ማሽኖች ሲኖሩ፣ ግንኙነት በጠፋ ቁጥር ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው። መስመሩ ይሁን፣ ራውተሩ ይሁን፣ ኬብሉ ይሁን ወይስ ራሱ ኮምፒውተሩ፣ ከውጭ ሲታይ ምልክቱ አንድ ነው፤ ገጹ አይከፈትም። አብዛኛው ሰው ይህንን ሳይለይ ሴቲንግ መነካካት ስለሚጀምር፣ አንድ ብልሽት ብቻ የነበረበት ኔትወርክ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስት ብልሽት ይዞ ይገኛል፤ ሁለቱ በእጅ የተጨመሩ ናቸው።

ይህ መመሪያ የሚከተለው አካሄድ ቀላል ነው። መረጃ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ድረ ገጹ ጋ እስኪደርስ ድረስ በተራ የሚያልፍባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነርሱም ኬብሉ ወይም ዋይፋዩ፣ ኮምፒውተሩ የያዘው አድራሻ፣ ራውተሩ ወይም መስመሩን የሚያጋራው ኮምፒውተር፣ የውጭው መስመር፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት፣ በመጨረሻም ብራውዘሩ ናቸው። አንዱ ቦታ ጤነኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል፤ የተቀየረው ነገር ለውጥ ካላመጣ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለዚህም ሲባል ምንም ከመነካቱ በፊት የእያንዳንዱን ሴቲንግ ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል።

ከመነካካት በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ግንኙነት ያጣው አንድ ኮምፒውተር ነው ወይስ ሁሉም የሚለው ነው። በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ገጽ መክፈት ከቻለ፣ መስመሩና ራውተሩ በአብዛኛው ነፃ ናቸው፤ ፍለጋው በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያተኩራል። በስልክ ሲሞክሩ ግን የሞባይል ዳታውን መዝጋት እንዳይረሱ፤ ዋይፋዩ ኢንተርኔት ሲያጣ ብዙ ስልኮች ሳያሳውቁ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞሩ፣ የማይሠራውን ዋይፋይ እንደሚሠራ አድርገው ያሳያሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ መጋራቱ በምን መንገድ እንደተዘረጋ ነው። ዛሬ የተለመደው ሁሉም መሣሪያ ከራውተር ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። ነገር ግን አሮጌ ኮምፒውተሮች ባሉባቸው ቤቶች አንዱ ኮምፒውተር መስመሩን ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያከፋፍልበት አሠራርም አሁን ድረስ ይገኛል። ይህ አሠራር ወደ ዊንዶውስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞችም ቀጥሏል። በዚህ ጽሑፍ መስመሩን የሚያከፋፍለውን አጋሪ ኮምፒውተር፣ ከእርሱ የሚቀበሉትን ደግሞ ተጋሪ ኮምፒውተሮች እንላቸዋለን። አጋሪው ሲጠፋ ወይም ሲያንቀላፋ ሁሉም ተጋሪዎች አብረው ኢንተርኔት እንደሚያጡ ልብ ይሏል።

አጥፍቶ ማብራትን የሚንቁ አሉ፤ ሊናቅ ግን አይገባም፤ በቅደም ተከተል ከተደረገ ብዙ ችግር ይፈታል። ሁሉንም ያጥፉ፤ መጀመሪያ የውጭውን መስመር የሚቀበለውን ሞደም ብቻ አብርተው መብራቶቹ እስኪረጉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቀጥሎ ራውተሩን ወይም አጋሪውን ኮምፒውተር፣ በመጨረሻም ተጋሪዎቹን ያብሩ። ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ የሚጠይቀው ከእርሱ በላይ ካለው መሣሪያ በመሆኑ ነው፤ ጠያቂው ከሰጪው ቀድሞ ከተነሣ ባዶ እጁን ይቀራል።

ኬብልና የመብራት ምልክት

ኬብሉ የሚሰካበት የኔትወርክ ካርድ ሶኬት አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ተሰክቶ፣ መሣሪያዎቹም በርተው ሳሉ መብራቱ ካልበራ፣ በሶፍትዌር በኩል የሚደረግ ጥረት ሁሉ ከንቱ ነው። ኬብሉን እንደሚሠራ በተረጋገጠ ሌላ ኬብል ይተኩ፤ በራውተሩ ላይ ያለውን ሶኬት ይቀይሩ፤ የኬብሉ ራስ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መቆለፊያ ተሰብራ እንደሆነም ይመልከቱ፤ መቆለፊያዋ የተሰበረች ኬብል ኮምፒውተሩ ትንሽ በተነካ ቁጥር ላላ እያለች የሚመጣና የሚሄድ ግንኙነት ትፈጥራለች።

ሁለት ኮምፒውተሮች ያለ ራውተርና ያለ ስዊች (ኬብሎችን የሚያገናኝ ሣጥን) በቀጥታ በኬብል ሲገናኙ የኬብሉ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በሰከንድ እስከ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፉ አሮጌ ካርዶች ብዙዎቹ ለዚህ አገልግሎት የመላኪያና የመቀበያ ሽቦዎቹ የተለዋወጡበትን ክሮስኦቨር የሚባል ኬብል ይፈልጋሉ። የጊጋቢት ካርዶች በአብዛኛው ይህን ራሳቸው አውቀው ያስተካክላሉ፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ እንኳ እንዲህ ያለ ካርድ ካለው ተራው ኬብል ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። በኬብሉ ውስጥ ካሉት 8 ሽቦዎች እስከ 100 ሜጋቢት የሚሠራው አሮጌ ካርድ የሚጠቀመው በአራቱ፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ብቻ ነው፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። በመሆኑም ኬብሉ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሠራ ማለት ኬብሉ ሙሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ያው ኬብል አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ጨርሶ እንቢ ሊል ወይም ፍጥነቱን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

መብራቱ እየበራ ግንኙነቱ እጅግ ቀርፋፋ ከሆነና ትልቅ ፋይል ሲወርድ ከተቆራረጠ፣ የካርዱን የፍጥነት ሴቲንግ ይመልከቱ። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በካርዱ ፕሮፐርቲስ ላይ አድቫንስድ በሚለው ገጽ የሚገኘው ይህ ሴቲንግ አውቶ መሆን አለበት። ቀድሞ የነበረ ባለሙያ በእጁ 100 ፉል ዱፕሌክስ ብሎት ከሄደ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ራውተር ይህን ማወቅ ስለማይችል በሃፍ ዱፕሌክስ መሥራት ይጀምራል፤ አንዱ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ሲያወራ ሌላው ተራ እየጠበቀ ያወራል። ግንኙነቱ አልጠፋምና ማንም ካርዱን አይጠረጥርም። በዚያው መስኮት ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ደግሞ ከእንቅልፍ ሲነቃ ኔትወርክ የማያገኝን ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ያስተካክላል።

ዋይፋይ ለሚጠቀሙ አሮጌ ማሽኖች

አሮጌ የዋይፋይ ካርድ የራውተሩን ስም ጨርሶ ካላየ፣ ራውተሩ የሚያሠራጨው በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንደሆነ ያረጋግጡ። በ1999 እና በ2003 የወጡትን የቢ እና የጂ ደረጃዎች ብቻ የሚያውቁ ካርዶች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ስለዚህ በራውተሩ ላይ 2.4 መከፈት አለበት፤ ከተቻለም ለብቻው ስም ቢሰጠው ይመረጣል። የ2.4 ቻናል አውቶ ተብሎ ራውተሩ 12ኛውን ወይም 13ኛውን ከመረጠም አንዳንድ አሮጌ ካርዶች አያዩትም፤ 1፣ 6 ወይም 11 ብሎ መወሰን ይህን ያስቀራል።

ስሙ ታይቶ ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ እንቢ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ደኅንነት ደረጃው ይዞራል። ደብሊውፒኤ 3 በሚባለው አዲሱ የዋይፋይ ምስጠራ ብቻ የተዘጋ ዋይፋይን አሮጌ ካርድ አይከፍተውም፤ ከርሱ በፊት የነበረውን ደብሊውፒኤ 2 ኤኢኤስ ከሚባለው የምስጠራ ዘዴ ጋር መምረጥ ተስማሚው መካከለኛ መንገድ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ደብሊውፒኤ 2ን በሙሉነት የሚያውቀው በ2008 የወጣው ሰርቪስ ፓክ 3 የሚባለው የማሻሻያ ጥቅል ከተጫነበት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ሰርቪስ ፓክ 2 ላይ ግን የተለየ ማሻሻያ ይፈልጋል። ካርዱ ደብሊውኢፒ ከሚባለው ከአሮጌው ምስጠራ በላይ የማያውቅ ከሆነ መላውን ቤት ወደ ደብሊውኢፒ ማውረድ ፈጽሞ አይመከርም፤ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰበር ቁልፍ ነውና። ለዚያ አንድ ኮምፒውተር ኬብል መዘርጋት ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ አዲስ የዋይፋይ አዳፕተር መግዛት ይሻላል። ሆኖም አዳፕተሩ የሚሰካበት የዩኤስቢ ሶኬት 1.1 ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ12 ሜጋቢት ስለማያልፍ፣ አዳፕተሩ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከዚያ በላይ አይጠበቅም።

ኮምፒውተሩ የያዘውን አድራሻ ማንበብ

ከዚህ በኋላ ያለው ፍለጋ የሚካሄደው በትእዛዝ መስጫው ጥቁር መስኮት ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጭነው ሲኤምዲ ብለው ይጻፉና ኢንተርን ይጫኑ። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደላት ነው፤ እዚህ በድምፃቸው ቀርበዋል። አይፒኮንፊግ፣ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝ፣ ከዚያ ኦል ብለው ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ያሉት ካርዶች በሙሉ ከነአድራሻቸው ይዘረዘራሉ። የሚፈለጉት አራት መስመሮች ናቸው፤ የኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር የሆነው የአይፒ አድራሻው፣ የትኞቹ አድራሻዎች በዚያው ኔትወርክ ውስጥ እንዳሉ የሚለየው ሰብኔት ማስክ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው የራውተሩ ወይም የአጋሪው አድራሻ የሆነው ዲፎልት ጌትዌይ፣ እንዲሁም የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ሰርቨርስ።

አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ምርመራው በግማሽ ተጠናቋል ማለት ይቻላል። ይህ ቁጥር የሚመጣው ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ የሚፈጥረው በመሆኑ፣ በርሱ ወደ ውጭ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ወይ ኬብሉና ዋይፋዩ በትክክል አልተገናኙም፣ ወይ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚባለው አገልግሎት አልተነሣም፣ ወይም በመካከል ያለ ፋየርዎል (የማይፈለግ ግንኙነትን የሚያግድ ፕሮግራም) ጥያቄውን አግዶታል። አይፒኮንፊግ ከሰረዝና ከሪሊዝ ጋር፣ ቀጥሎም ከሰረዝና ከሪኒው ጋር በመጻፍ አዲስ አድራሻ ይጠይቁ። አሁንም 169.254 ከመለሰ ለሙከራ ያህል አድራሻውን በእጅ ያስገቡ፤ ለምሳሌ የራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ኮምፒውተሩን 192.168.1.200፣ ማስኩን 255.255.255.0፣ ጌትዌዩን 192.168.1.1 ያድርጉ። በዚህ ከሠራ ኬብሉም ካርዱም ደኅና ናቸው፤ የታመመው የአድራሻ ዕደላው ነው። በዚህም ካልሠራ ወደ ኬብሉ ይመለሱ።

የሙከራውን አድራሻ እዚያው ትቶ መሄድ ግን ለነገ ችግር ማስቀመጥ ነው። ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ሳምንት ቆይቶ ለአንድ ስልክ ሊሰጠው ይችላል፤ ያኔ የአድራሻ ግጭት የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ወይም ሁለቱ መሣሪያዎች ያለ ማስጠንቀቂያ እየተፈራረቁ ከኔትወርኩ ይወድቃሉ። አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ለዓመታት የተረሳ የእጅ አድራሻ ማግኘት የተለመደ ነው፤ በተለይ ራውተር ከተቀየረ በኋላ አንዱ ማሽን ብቻ እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

አድራሻው ትክክለኛ መስሎ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከተለዩ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት አዳዮች አሉ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ሶኬት ለማብዛት ወይም ዋይፋይ ለማስፋት ተብሎ አሮጌ ራውተር ሲጨመር ነው። አድራሻ የሚጠይቅ ኮምፒውተር ቀድሞ የመለሰለትን ስለሚቀበል፣ ጠዋት ከዋናው ራውተር 192.168.1.15 ያገኘ ማሽን ከሰዓት በኋላ ከተጨማሪው 192.168.0.102 ሊያገኝ ይችላል፤ ያ ተጨማሪ ራውተር ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር ስለሌለው ኮምፒውተሩ አድራሻ እያለው ኢንተርኔት ያጣል። መፍትሔው በተጨማሪው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒን ማጥፋት፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ጋር በማይጋጭ በዚያው ሰፈር ቁጥር (የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከዋናው ጋር አንድ በሆኑበት)፣ ለምሳሌ በ192.168.1.2 መተካት፣ ከዋናው የሚመጣውንም ኬብል ዋን ወይም ኢንተርኔት ተብሎ በተጻፈበት ሶኬት ሳይሆን ከላን ሶኬቶቹ በአንዱ መሰካት ነው።

መስመሩን የሚያጋራው ኮምፒውተር ሲሆን

አጋሪ ኮምፒውተር ባለበት ቤት አብዛኛው ብልሽት የሚገኘው እዚህ ነው። አጋሪው ሁለት መገናኛ ይኖሩታል፤ አንዱ ወደ ውጭው መስመር፣ ሌላው ወደ ተጋሪዎቹ። ዊንዶውስ ለሁለቱም ተመሳሳይ ስም ቁጥር እየጨመረ ስለሚሰጥ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ኔትወርክ ኮኔክሽንስ የሚለውን መስኮት ከፍተው አንዱን ውጭ፣ ሌላውን ውስጥ ብለው ይሰይሟቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ኬብል ነቅሎ የትኛው ምስል ላይ ቀይ ምልክት እንደሚመጣ ማየት ይበቃል።

የማጋራት ፈቃዱ የሚሰጠው በውጭው መገናኛ ላይ ነው። በውጭው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሼሪንግ ወይም በአሮጌዎቹ አድቫንስድ የሚለውን ገጽ ከፍተው፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች በዚህ ግንኙነት እንዲወጡ የሚፈቅደውን ሣጥን ምልክት ያደርጉበታል። በስሕተት በውስጡ ላይ ከተደረገ ሁሉም ነገር የተገለበጠ ይሆናል። መስመሩ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ እየገባ የሚደወልበት ከሆነ ወይም በዩኤስቢ ሞደም የሚመጣ ከሆነ፣ የሚጋራው ካርዱ ሳይሆን ያ የሚደወልበት ግንኙነት ራሱ ነው።

ማጋራቱ ሲበራ ዊንዶውስ ለውስጡ መገናኛ የራሱን አድራሻ ይሰጠዋል። እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ባሉት እትሞች ይህ አድራሻ 192.168.0.1 ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ 192.168.137.1 ሆኗል። በማክ ኮምፒውተሮች 192.168.2.1፣ ኔትወርክ ማኔጀርን በሚጠቀሙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ደግሞ 10.42.0.1 ማየት የተለመደ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማወቅ ጥቅም አለው፤ ተጋሪው ኮምፒውተር ጌትዌይ በሚለው መስመር ላይ ከነዚህ አንዱን ካሳየ አጋሪው ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

ከኤክስፒው ቁጥር የሚመነጭ አንድ አደናጋሪ ብልሽት አለ። አጋሪው ኮምፒውተር ኢንተርኔት የሚያገኘው አድራሻው 192.168.0.1 ከሆነ ራውተር ቢሆን፣ በውጭም በውስጥም ያው ቁጥር ይገጥመዋል፤ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ሰፈር ስላለ መረጃውን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። ማጋራቱን ባበሩ ቅጽበት የአጋሪው የራሱ ኢንተርኔት ከጠፋ ይህንን ይጠርጥሩ። የሚቀየረው የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ወደ 192.168.10.1 ማዛወር ይበቃል።

በውስጡ መገናኛ ላይ ጌትዌይ የሚለው ቦታ ባዶ መሆን አለበት፤ ሁለት ጌትዌይ ያለው ኮምፒውተር አንዳንዴ በተሳሳተው በር ይወጣል። ሁለቱን መገናኛዎች ብሪጅ ማድረግ (እንደ አንድ ኔትወርክ ማጣመር) እና ማጋራትም አብረው አይሄዱም፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። ቀጥሎ ሰርቪስስ የሚለውን መስኮት ከፍተው ኢንተርኔት ኮኔክሽን ሼሪንግ የሚለው አገልግሎት መነሣቱንና አነሣሡም አውቶማቲክ መሆኑን ያረጋግጡ። ሰርቪስ ፓክ 2 ባለው ኤክስፒ ይህ አገልግሎትና ፋየርዎሉ በአንድ ስም የተጣመሩ ስለሆኑ፣ ኮምፒውተሩን ለማፍጠን ብሎ የፋየርዎሉን አገልግሎት ያጠፋ ሰው ሳያውቀው ማጋራቱንም ገድሏል። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ማጋራቱ ምልክቱ እያለ የማይሠራበት ጊዜ አለ፤ ምልክቱን አንሥቶ ማጽደቅና መልሶ ማድረግ ያስነሣዋል።

አንቲቫይረሶች የሚጨምሩት የራሳቸው ፋየርዎልም የውስጡን ኔትወርክ እንደማይታመን የሕዝብ ኔትወርክ ቆጥሮ ሊዘጋው ይችላል። ለጥቂት ደቂቃ አጥፍተው ተጋሪው አድራሻ ካገኘ፣ ፋየርዎሉን ጨርሶ ከመተው ይልቅ መልሰው አብርተው የውስጡን ኔትወርክ የታመነ ያድርጉት፤ አለበለዚያም አድራሻ የሚታደልባቸውን 67 እና 68፣ ስም የሚፈታበትንም 53 ቁጥር ፖርቶች ይክፈቱለት። የአጋሪው የእንቅልፍ ሰዓትም በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ኔቨር መባል አለበት፤ ስክሪኑ ቢጠፋ ግን አይጎዳም።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር፣ ለአጋሪነት መመረጥ ያለበት የመጨረሻው ማሽን አሮጌው መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ዊንዶውስ 7 ከጥር 14 ቀን 2020፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ ድጋፍ አቁመዋል። እንዲህ ያለ ማሽን ከራውተር ኋላ ሆኖ ቢሠራ አንድ ነገር ነው፤ የሁሉም በር ጠባቂ ሆኖ ከኢንተርኔት ጋር ፊት ለፊት ቢቆም ግን ሌላ ነው። ርካሽ ራውተር ገዝቶ ይህን ሥራ ለእርሱ መስጠት ከላይ ከተዘረዘረው ችግር አብዛኛውን አብሮ ያስቀራል።

በፒንግ ወደ ውጭ መራመድ

አድራሻው ትክክል ከሆነ በኋላ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳሉ። ፒንግ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ 127.0.0.1 ብለው ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ራሱን ይጠይቃል። ለዚህ መልስ ካልሰጠ በውስጡ ያለው የኔትወርክ ሶፍትዌር ተበላሽቷል፤ ኤክስፒ ላይ ቫይረስ ከጸዳ ወይም አንቲቫይረስ ከተነቀለ በኋላ የሚያጋጥም ነው። ኔትሼል በሚባለው መሣሪያ ዊንሶክ ሪሴት የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ቀጥሎ ጌትዌዩን ፒንግ ያድርጉ። በኬብል መልሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መምጣት አለበት፤ በዋይፋይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢደርስ አያስደንቅም። አራት መልስ አይቶ መርካት ግን አይገባም። ከቁጥሩ በኋላ አጭር ሰረዝና ቲ የሚለውን ፊደል ጨምረው ሳያቋርጥ እንዲጠይቅ ያድርጉና ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱት፤ በየመካከሉ ሪኩዌስት ታይምድ አውት የሚል መስመር ብቅ የሚል ከሆነ፣ ገና ከቤት ሳይወጣ መረጃ እየጠፋ ነውና የውጭውን መስመር ከመውቀስ በፊት ወደ ኬብሉና ወደ ዋይፋዩ ይመለሱ።

ጌትዌዩ ያለ መቆራረጥ ከመለሰ 8.8.8.8ን፣ ቀጥሎም 1.1.1.1ን ይሞክሩ። ሁለቱም በየትኛውም ኮምፒውተር ካልመለሱ ችግሩ ሞደሙ ወይም መስመሩ ላይ ነው። በዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ካልመለሱ ግን ማስኩንና ጌትዌዩን ከሚሠራው ኮምፒውተር ጋር ያነጻጽሩ፤ በራውተሩ ላይ የተፈቀደላቸውን መሣሪያዎች ብቻ የሚያስወጣ ዝርዝር ካለም ይመልከቱ።

ቁጥሩ መልሶ የድረ ገጽ ስም ካልመለሰ ችግሩ ስም ፈቺው ዲኤንኤስ ነው። በካርዱ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ያስገቡና፣ አይፒኮንፊግን ከፍላሽዲኤንኤስ ጋር ጽፈው የተከማቸውን አሮጌ መልስ ያጽዱ። አንድ ድረ ገጽ ብቻ ለፒንግ ባይመልስ ግን አይደናገጡ፤ ፒንግን ሆን ብለው የሚዘጉ ብዙ ሰርቨሮች አሉ።

አንዳንድ ገጽ ተከፍቶ ሌላው በግማሽ ሲቆም

ስሙ ይፈታል፣ ፒንግም ይመልሳል፣ ቀላል ገጾች ይከፈታሉ፣ ከባድ ገጾችና ፋይል ወደ ኢንተርኔት መጫን ግን በመካከል ቀጥ ይላሉ። የዚህ ምልክት የተለመደ መንሥኤ የፓኬት፣ ማለትም መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ፣ መጠን ነው። ተራው በኔትወርክ ኬብል የሚሠራው የኤተርኔት መስመር በአንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይሸከማል፤ በተጠቃሚ ስም የሚደወልበት ፒፒፒኦኢ የሚባለው መስመር ግን 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ የሚቀረው 1492 ነው። ትልቁ ፓኬት ማለፍ ሲያቅተው የሚላከው ማስጠንቀቂያ በፋየርዎል ከታገደ፣ ላኪው ሳያውቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ለመለካት ፒንግ ላይ አጭር ሰረዝና ኤፍ፣ ቀጥሎ አጭር ሰረዝና ኤል፣ ከዚያ 1472፣ በመጨረሻም 8.8.8.8 ይጻፉ። ፓኬቱ መከፋፈል አለበት የሚል መልስ ከመጣ ቁጥሩን ወደ 1464 ያውርዱ፤ አሁንም ካላለፈ እስኪያልፍ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱ። ባለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ሲደመር የሚገኘው ውጤት በራውተሩ ላይ ኤምቲዩ በሚለው ቦታ የሚገባው ነው። መስመሩን የሚያጋራው ኮምፒውተር ከሆነ ይህ ቁጥር በተጋሪዎቹም ላይ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ኔትወርኩ ጤነኛ ሆኖ ብራውዘሩ እንቢ ሲል

ሁሉም ፒንግ ከመለሰና ገጹ ስለ ሰርተፊኬት (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ) ወይም ስለ ደኅንነት ማስጠንቀቂያ ካሳየ፣ ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓትና ቀን ይመልከቱ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት በዚያ ቀን ገና ያልወጣ ስለሚመስል ብራውዘሩ አይቀበለውም። ባትሪውን መቀየር ቀላልና ርካሽ ሥራ ነው።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ የብራውዘሩ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። የኤክስፒው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የዛሬዎቹ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን ቲኤልኤስ 1.2 የሚባለውን ምስጠራ አያውቅም። ጉግል ክሮም ለኤክስፒ የወጣለት የመጨረሻው እትም 49ኛው፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ 109ኛው ነው። በተጨማሪም ብዙ ድረ ገጾች ይተማመኑበት የነበረ አንድ መሠረታዊ ሰርተፊኬት መስከረም 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጊዜው ስላለፈ፣ ማሻሻያ ያልተጫነባቸው አሮጌ ሲስተሞች በአንድ ጊዜ ብዙ ገጾችን መክፈት አቅቷቸዋል። እንዲህ ላለው ማሽን ቀላል የሊኑክስ ሥርጭት መጫን ሴቲንግ ሲያገላብጡ ከመዋል የተሻለ ነው። ሌላው የሚረሳው በኢንተርኔት ኦፕሽንስ ውስጥ ላን ሴቲንግስ በሚለው ሥር የቀረ የፕሮክሲ (ግንኙነቱ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ የሚደረግበት መካከለኛ ኮምፒውተር) አድራሻ ነው፤ ከቢሮ ወደ ቤት የመጣ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የሚታይ ቦታ ነው።

ሳይጠፋ የሚጎተት ግንኙነት

ገጽ ሲከፈት ከዘገየ፣ ጌትዌዩን ሳያቋርጥ ፒንግ እያደረጉ ገጹን ይክፈቱ። ፒንጉ ፈጥኖ እየመለሰ ገጹ ከተጎተተ ጥፋቱ ከቤቱ ኔትወርክ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ሜሞሪና ፕሮሰሰር ወይም ከውጭው መስመር ሊሆን ይችላል፤ ታስክ ማኔጀርን ከፍቶ ሜሞሪው መሙላቱን ማየት ይቻላል። 8.8.8.8ን ፒንግ ሲያደርጉ ቁጥሩ ከጥቂት አሥሮች ተነሥቶ ወደ መቶዎች የሚዘል ከሆነና የሚዘለውም ሌላ ሰው ፎቶ ወይም ቪዲዮ በሚጭንበት ሰዓት ከሆነ፣ የመጫኛው አቅጣጫ ሞልቶ ሁሉንም እያስጠበቀ ነው። የብዙ ቤቶች መስመር ለመጫን ያለው አቅም ለማውረድ ካለው በጣም ያነሰ ስለሆነ አንድ ስልክ ብቻውን ይሞላዋል። ራውተሩ መስመሩን ለተጠቃሚዎች የሚያመጣጥን ኪውኦኤስ የሚባል ሴቲንግ ካለው የመጫኛውን ጣሪያ ከተለካው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጎ መገደብ መጓተቱን በግልጽ ይቀንሰዋል።

አገልግሎት ሰጪው ጋ ከመደወልዎ በፊት አንድ ኮምፒውተር፣ ከተቻለ አዲሱን፣ ራውተሩን አልፎ በኬብል በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ያገናኙና 8.8.8.8ን ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ፒንግ ያድርጉ። በዚያ ላይ ከተቆራረጠ የተቆራረጠበትን ሰዓት፣ የጠፋውን የመልስ ብዛትና በዚያ ጊዜ በሞደሙ ላይ የትኛው መብራት እንደጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም እንዳለ ይጻፉ፤ ስልኩን የሚያነሣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው።